በማደንዘዣና በጽኑ ሕክምና ወቅት ስለሚከሰት ከባድ አለርጂ፦ በጅማ ታካሚዎችና አስታማሚዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከበደሌ፣ ከቦንጋ ወይም ከሚዛን አማን ሪፈር ተጽፎለት ለቀዶ ሕክምና ወደ ጅማ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ከምላጩ ይልቅ የሚፈራው ማደንዘዣውን ነው። ፍርሃቱ የሚገባ ቢሆንም በአብዛኛው ያተኮረው «ተኝቼ ብቀርስ?» በሚለው ላይ ስለሆነ፣ ታካሚው ራሱ ሊቀንሰው የሚችለው አንድ አደጋ ሳይነሣ ያልፋል። ይህም በቀዶ ሕክምና ክፍል ወይም በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለሚሰጥ መድኃኒት የሚፈጠረውና በሕክምናው ቋንቋ አናፊላክሲስ የሚባለው ከባድ አለርጂ ነው። ከዚህ በታች ከሚገኙት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ታካሚዎችና አስታማሚዎች የሚያነሷቸው ሲሆኑ፣ ጥቂቶቹ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ወጣት ባለሙያዎች የሚጠይቋቸው ናቸው።

ከባድ አለርጂ ሲከሰት በሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

ሰውነት ራሱን ከበሽታ የሚከላከልበት ሥርዓት አንድን መድኃኒት እንደ ወራሪ ቆጥሮ ሲነሣበት፣ በቆዳ፣ በሳንባ፣ በአንጀትና በልብ ውስጥ የሚገኙ ማስት ሴል የተባሉ ሕዋሳት ያከማቹትን ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎች በአንድ ጊዜ ይለቃሉ። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ግድግዳቸውም ፈሳሽ ማሾለክ ይጀምራል። በከባዱ ሁኔታ በ10 ደቂቃ ውስጥ ብቻ በደም ሥር ውስጥ ከሚዘዋወረው ፈሳሽ እስከ 35 በመቶ የሚሆነው ከደም ሥር ሊወጣ ስለሚችል የደም ግፊት በድንገት ይወድቃል። በተመሳሳይ ጊዜ የአየር ቧንቧዎች ይጠባሉ፤ የዓይን ቆብ፣ ከንፈር፣ ምላስና ጉሮሮም ሊያብጡ ይችላሉ።

መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ የሚመጣ ችግር ሁሉ ግን አለርጂ አይደለም። ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መረበሽና ራስ ምታት የመድኃኒቱ ጎንዮሽ ጉዳቶች ናቸው። ቫንኮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በፍጥነት ሲሰጥ የሚታየው የፊትና የአንገት መቅላትና ማሳከክም በአብዛኛው ከአሰጣጡ ፍጥነት የሚመጣ ስለሆነ፣ መድኃኒቱን ዝግ አድርጎ በመስጠት ይቃለላል።

ምን ያህል ያጋጥማል?

እምብዛም አያጋጥምም። በብሪታንያ የሰመመን ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ አካሂዶት በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው አገር አቀፍ ጥናት፣ ሕይወትን የሚያሰጋ አለርጂ ከ10,000 ማደንዘዣ በአንዱ ገደማ እንደሚከሰት አሳይቷል። በዝርዝር ከተመረመሩት 266 ታካሚዎች መካከል 10 ሞተዋል። ቁጥሩ የብሪታንያ በመሆኑና እዚያ የሚሰጡት መድኃኒቶች ከእኛዎቹ በከፊል ስለሚለዩ እንደ ጅማ ቁጥር መወሰድ የለበትም። ሆኖም ከታካሚዎቹ እጅግ የሚበዙት መትረፋቸው ልብ ሊባል ይገባዋል። አለርጂው የተነሣባቸው፣ እስትንፋስንና የደም ግፊትን በየቅጽበቱ የሚከታተል ሰው ከራስጌያቸው በቆመበት ክፍል ውስጥ ነውና።

አለርጂውን የሚያመጣው ማደንዘዣው ራሱ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም፤ ይህም ብዙ ሰዎችን ያስገርማል። እላይ በተጠቀሰው ጥናት መንስኤያቸው ከታወቁት አለርጂዎች ግማሽ ያህሉን ያመጡት ቁስል እንዳይመረቅዝ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚሰጡ አንቲባዮቲኮች ናቸው። ቀጥለው ከሲሶ ያህሉ ጋር የተያያዙት ጡንቻ የሚያላሉ መድኃኒቶች ሲሆኑ፣ ከእነዚህም መካከል ከተሰጠበት ብዛት አንጻር ሲታይ ሱክሳሜቶኒየም ቀዳሚው ነው። በሦስተኛ ደረጃ የተገኘው ቆዳን ለማጽዳት የሚያገለግለው ክሎርሄክሲዲን ነው። ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ቅባቶች ውስጥና በትልልቅ ደም ሥሮች በሚገቡ አንዳንድ ቱቦዎች ላይም ስለሚገኝ ማንም ሳይጠረጥረው ያልፋል። ከዚህ ሌላ የላቴክስ ጓንት፣ የደምና የደም ተዋጽኦዎች፣ የእባብ መርዝ ማርከሻ፣ እንዲሁም ለምርመራ በደም ሥር የሚሰጡ ቀለሞች መንስኤ ሊሆኑ ይችላሉ።

በደም ሥር የሚሰጡት ማደንዘዣዎች ኬታሚንና ፕሮፖፎል ይህን ዓይነት አለርጂ የሚያስከትሉት እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በጭምብል የሚተነፈሱት ሃሎቴንና አይሶፍሉሬን ደግሞ በዚህ አይታወቁም። ስለዚህ አንድ ሰው «ማደንዘዣ አይስማማኝም» ብሎ ሲናገር፣ ምናልባት ያልተስማማው በዚያው ሰዓት የተሰጠው አንቲባዮቲክ ሊሆን ስለሚችል ታሪኩ ከሥሩ ተጣርቶ ሊታወቅ ይገባል።

መድኃኒቱን ከዚህ በፊት ወስጄው የማላውቅ ከሆነስ?

አንቲባዮቲክን በተመለከተ «ወስጄ አላውቅም» ማለት ይከብዳል፤ በልጅነት የተወጋነውን መርፌና ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ገዝተን የዋጥነውን ካፕሱል ሁሉ አናስታውስምና። ጡንቻ የሚያላሉ መድኃኒቶች ደግሞ በአብዛኛው በቀዶ ሕክምናና በጽኑ ሕክምና ጊዜ ብቻ የሚሰጡ ቢሆኑም፣ ሰውነት የሚቆጣባቸው ኬሚካላዊ ክፍላቸው በአንዳንድ መዋቢያዎችና ማጽጃዎች ውስጥም ስለሚገኝ የመጀመሪያው መርፌ ራሱ ከባድ አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል። ፎልኮዲን የተባለውን መድኃኒት የያዙ የሳል ሽሮፖች ከአውሮፓ ገበያ እንዲወጡ የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ያሳሰበው ለዚሁ ነው። ሽሮፑን ቀደም ሲል የወሰዱ ሰዎች በቀዶ ሕክምና ጊዜ ጡንቻ ለሚያላሉ መድኃኒቶች አለርጂ እንደሚበዛባቸው ታውቋል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለማደንዘዣ ባለሙያው ምን መንገር አለብኝ?

ይህ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ነው። ባለሙያው አብዛኛውን ጊዜ በዋዜማው ወደ ታካሚው አልጋ መጥቶ ይጠይቃል፤ ንግግሩም ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል።

«እማማ፣ የመድኃኒት አለርጂ አለብዎት?»

«የለብኝም ልጄ።»

«መርፌ ተወግተው ወይም ኪኒን ውጠው ሰውነትዎ ያበጠበት፣ ያሳከከዎት ወይም ትንፋሽ ያጠረዎት ጊዜስ?»

«እሱማ አንድ ጊዜ ለጉሮሮዬ ተወግቼ፣ ቤት ሳልደርስ ፊቴ አብጦ ዓይኔ ተደፈነ። ግሉኮስ ሰቅለውልኝ አደርኩ። ከዚያ ወዲህ መርፌ እፈራለሁ።»

የመጀመሪያው መልስ ብቻ ካርዱ ላይ ቢሰፍር ኖሮ እኚህ እናት በማግስቱ ምን ሊደርስባቸው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ባለሙያው በዝርዝር ባይጠይቅዎትም እንኳ እርስዎ ራስዎ በዝርዝር ይንገሩት። የትኛው መድኃኒት ነበር? ከተወሰደ ከስንት ደቂቃ ወይም ሰዓት በኋላ ተነሣ? ሰውነት ላይ ምን ታየ? ሆስፒታል ሄደው ነበር? ምንስ ተደረገልዎት? የመድኃኒቱን ስም ካላወቁት ለየትኛው ሕመም እንደተሰጠ መናገር ይረዳል። ባዶ ጠርሙሱ፣ የኪኒኑ ማሸጊያ ወይም የቆየ የሕክምና ወረቀት ቤት ካለ ዘመድ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልዎት ያድርጉ።

አስም ካለብዎት፣ የጎማ ጓንት ሲነካዎት ወይም ፊኛ ሲነፉ የሚያሳክክዎት ከሆነ፣ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም አይደብቁ። ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎልን የመሳሰሉ የልብ ምትን የሚያዘገዩ መድኃኒቶች አለርጂ ቢነሣ ዋናው ማከሚያ የሆነው አድሬናሊን በሚገባ እንዳይሠራ ሊያደርጉ ስለሚችሉ ባለሙያው አስቀድሞ ሊያውቃቸው ይገባል።

በጅማ ሆስፒታሎች የሚተኛው ሰው አፋን ኦሮሞ፣ ካፊኛ፣ የምኛ ወይም ዳውሮኛ ተናጋሪ ሊሆን ስለሚችል፣ ቋንቋው የማይገናኝ ከሆነ ያለ ምንም ሐፍረት አስተርጓሚ ይጠይቁ። አስታማሚው የሚተረጉም ከሆነ ደግሞ አሳጥሮ «የለባትም ትላለች» ከማለት ይልቅ የተባለውን ሙሉውን እንዲያደርስ አደራ እንላለን።

«ፔኒሲሊን አይስማማህም» ተብዬ ነበር። ዕድሜ ልኬን መውሰድ የለብኝም ማለት ነው?

የግድ አይደለም። የፔኒሲሊን አለርጂ እንዳለባቸው ከተነገራቸው ሰዎች መካከል በሚገባ ሲመረመሩ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ አለርጂ አይገኝባቸውም። አንዳንዶቹ በልጅነታቸው ከቫይረስ የመጣ ሽፍታ ታይቶባቸው መድኃኒቱ ተሳቦበት የቀሩ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ እውነተኛ አለርጂ የነበረባቸው ቢሆንም በዓመታት ብዛት ጠፍቶላቸዋል። ነገር ግን ይህን የሚወስነው ታሪኩን ያጣራና የመረመረ ሐኪም እንጂ ታካሚው ራሱ አይደለም። መድኃኒቱ በተወሰደ በአንድ ሰዓት ውስጥ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት የደረሰበት ሰው፣ ተመርምሮ ነጻ ነህ እስኪባል ድረስ አለርጂ እንዳለበት ተቆጥሮ ሊጠበቅ ይገባል።

ሴፍትሪአክሶንና ሴፋዞሊን የተባሉት አንቲባዮቲኮች የፔኒሲሊን ዘመድ ስለሆኑ ጨርሶ አይሰጡም የሚለው የቆየ አስተሳሰብ ዛሬ ላልቷል። በእውነት የፔኒሲሊን አለርጂ ካለባቸው ሰዎችም ቢሆን ለእነዚህ የሚቆጡት ከመቶ ጥቂቶች ናቸው። የቀደመው አለርጂ ሕይወትን ያሰጋ ከነበረና ሌላ የሚያገለግል አንቲባዮቲክ ካለ ግን ሌላውን መምረጥ ይሻላል።

ቆዳዬ ላይ ቴስት ተደርጎልኝ ምንም ካላሳየ አያሰጋኝም?

ቴስት ዋስትና ተደርጎ መታየቱ ያሳስበናል። በትክክለኛ መጠን ተበርዞ፣ በሠለጠነ ሰው ተሠርቶ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተጠብቆ የሚነበብ የቆዳ ምርመራ ቀደም ሲል አለርጂ የደረሰበትን ሰው ለማጣራት ይጠቅማል። ምንም ታሪክ የሌለውን ሰው ሁሉ በጥድፊያ ቆዳው ላይ ወግቶ ወዲያው «ነጻ ነህ» ማለት ግን የሐሰት መተማመን ይፈጥራል። መድኃኒቱን ትንሽ በደም ሥር ሰጥቶ ማየትም ቢሆን፣ ያቺው ትንሿ ጠብታ ከባድ አለርጂ ልታስነሣ ስለምትችል ጥበቃ አይሆንም። ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው፣ በተቻለ መጠን አንቲባዮቲኩን ታካሚው ከመተኛቱ ጥቂት ደቂቃዎች ቀደም ብሎ መስጠት ነው። በአንቲባዮቲክ የሚመጣው ከባድ አለርጂ በአብዛኛው በ10 ደቂቃ ውስጥ ስለሚነሣ፣ ታካሚው ገና ነቅቶ እያለ «አሳከከኝ፣ ደረቴን አፈነኝ» ብሎ መናገር ይችላል፤ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ሳይደባለቅም መንስኤው ይለያል።

ተኝቼ እያለሁ ባለሙያዎቹ እንዴት ያውቁታል?

የተኛ ሰው አሳከከኝ አይልም፤ ሰውነቱም በቀዶ ሕክምና ጨርቅ ተሸፍኗል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት የደም ግፊት መውደቅ ነው። ሌላው ሳንባን በአየር መሙላት በድንገት አስቸጋሪ መሆኑ ሲሆን፣ በእጅ የሚጨመቀው ከረጢት ይጠጥራል፤ የኦክስጅን መጠን ይወርዳል፤ ከሳንባ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ መሣሪያ ባለበት ክፍል ደግሞ ያ ቁጥር ያሽቆለቁላል። የልብ ምት አብዛኛውን ጊዜ ይፈጥናል፤ በአንዳንዶቹ ግን ይዘገያል።

መጻሕፍት ላይ የሚታየው የቀላ ቆዳ በእኛ ጥቁር ቆዳ ላይ በግልጽ ላይታይ ይችላል። የደም ግፊቱ እጅግ በወደቀ ሰው ላይ ደግሞ ሽፍታው የሚወጣው ግፊቱ ከተስተካከለ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጨርቁን ገልጦ ደረትንና የውስጥ ክንድን በእጅ መዳሰስ፣ የዓይን ቆብንና ከንፈርን ማየት፣ በብርሃን በጎን በኩል አብርቶ የተነሣ ሽፍታ መፈለግ ያስፈልጋል። ሽፍታ የለም ማለት አለርጂ የለም ማለት አይደለም።

በወገብ ማደንዘዣ የምትወልድ እናት ላይ መለየቱ ይበልጥ ይከብዳል፤ የወገብ ማደንዘዣ ራሱ የደም ግፊትን ያወርዳልና። ግፊቱ በተለመደው ሕክምና አልነሣ ሲል፣ በተለይ አንቲባዮቲክ ከተሰጠ በኋላ ከሆነ፣ አለርጂን መጠርጠር ግድ ነው። ለነፍሰ ጡር እናት አድሬናሊን አይከለከልም፤ ሆዷ የደም ሥሯን እንዳይጫን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ሕክምናውን ሳያዘገዩ መስጠት ያስፈልጋል።

ሕክምናው ምንድን ነው?

አድሬናሊን ነው። የጠበቡትን የአየር ቧንቧዎች ይከፍታል፤ የሰፉትን የደም ሥሮች ይሰበስባል፤ ማስት ሴሎችም ተጨማሪ ኬሚካል እንዳይለቁ ያግዛል። ይህን ሁሉ በአንድነት የሚሠራ ሌላ መድኃኒት የለም።

ለወጣት ባለሙያዎች ዘርዘር እናድርገው። የተጠረጠረው መድኃኒት ይቆማል፤ እርዳታ ይጠራል፤ 100 በመቶ ኦክስጅን ይሰጣል፤ እግር ከፍ ይደረጋል። በገበያ ያለው የአድሬናሊን አምፑል በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ሚሊግራም ይይዛል። ይህን በ10 ሚሊ ሊትር መርፌ ቀድቶ 9 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ሲጨመርበት እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም ይሆናል። ለአዋቂ ታካሚ ከዚህ 0.5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 50 ማይክሮግራም፣ በደም ሥር ይሰጥና ለውጡ እየታየ ይደገማል። ለሕፃናት በኪሎ 1 ማይክሮግራም ነው። በደም ሥር መስጠት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ያለማቋረጥ ለሚከታተልና አሠራሩን ለለመደ ሰው ብቻ የሚፈቀድ ነው። በተኝቶ ሕክምና ክፍል ወይም የደም ሥር በጠፋበት ሁኔታ ካልተበረዘው 0.5 ሚሊግራም በታፋ የውጭ ጎን ጡንቻ ይወጋል፤ ካልተሻለም በ5 ደቂቃ ይደገማል።

ከደም ሥር የወጣውን ፈሳሽ ለመተካት በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ሳላይን ወይም ሪንገር ላክቴት በፍጥነት ይሰጣል፤ አዋቂ ሰው በርካታ ሊትር ሊያስፈልገው ይችላል። የአዋቂ ታካሚ የላይኛው የደም ግፊት ከ50 በታች ከወረደ፣ የልብ ምት በማሽኑ ላይ ቢታይም፣ ደረትን መጫን መጀመር ይገባል።

ሃይድሮኮርቲሶን ወይም ፕሮሜታዚን አይበቃም?

አይበቃም፤ በዚህ ላይ ጥርጣሬ ሊኖር አይገባም። ሃይድሮኮርቲሶን ለመሥራት ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ፕሮሜታዚን ደግሞ ማሳከክን ቢያስታግስም የወደቀ ግፊትን አያነሣም፤ በደም ሥር ሲሰጥ እንዲያውም ሊያወርደው ይችላል። አድሬናሊን ተሰጥቶ ታካሚው ከተረጋጋ በኋላ ሊጨመሩ ይችላሉ። እነርሱን ፍለጋ የሚባክነው ደቂቃ ግን ለታካሚው የመጨረሻው ሊሆን ይችላል።

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለ ሰውም ይህ ይደርስበታል?

ይደርስበታል። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ ታካሚ በቀን ውስጥ ብዙ መድኃኒት፣ አንዳንዴም ደም ይሰጠዋል፤ መናገር ግን አይችልም። በኢንፌክሽን የተነሣ ግፊቱ ቀድሞውኑ የወረደ ሊሆን ስለሚችል አዲሱ መውደቅ በበሽታው ይሳበባል። ስለዚህ ግፊቱ በድንገት ሲወድቅ «ባለፉት 10 ደቂቃዎች ምን ተሰጠው?» ብሎ የነርሷን መዝገብ ማየት መልካም ልማድ ነው። አስታማሚም ፊት ሲያብጥ ካየ ሳያመነታ ሊጠራ ይገባዋል።

ከቀዶ ሕክምና ክፍል አለርጂ ተነሥቶበት የመጣ ታካሚም እዚሁ ክትትል ይደረግለታል። ምልክቶቹ ከሰዓታት በኋላ ተመልሰው ሊነሡ ስለሚችሉ ከከባድ አለርጂ በኋላ 24 ሰዓት ያህል ማቆየት ይመረጣል። ግፊቱ ተደጋጋሚ አድሬናሊን ከፈለገም መድኃኒቱ በማያቋርጥ ጠብታ ይሰጠዋል።

ከዳንኩ በኋላ ምን ላድርግ?

ወረቀት ሳይቀበሉ ከሆስፒታል አይውጡ። በጅማ የታከመ ሰው ወደ ገጠር ቀበሌው ይመለሳል፤ ካርዱ እዚህ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያክመው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ወረቀቱ ላይ «መድኃኒት አይስማማውም» የሚል ብቻ መጻፉ ማንንም አይጠቅምም። ቀኑ፣ ዓመተ ምሕረቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጭምር፣ አለርጂው ከመነሣቱ በፊት በነበረው አንድ ሰዓት የተሰጡ መድኃኒቶች ሁሉ ከነሰዓታቸው፣ የቆዳ ማጽጃውና የጓንቱ ዓይነት፣ የታዩት ምልክቶች፣ የተሰጠው ሕክምና፣ የጻፈው ባለሙያ ፊርማና የሆስፒታሉ ማኅተም ሊኖርበት ይገባል። ፎቶ አንሥተው በስልክዎ ያስቀምጡት፤ ለቅርብ ቤተሰብም ይላኩ።

ትሪፕቴዝ የተባለው የደም ምርመራ ባለበት ቦታ ታካሚው እንደተረጋጋ፣ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜና ከ24 ሰዓት በኋላ ደም ይወሰዳል። ይህ ችግሩ አለርጂ መሆኑን ለማረጋገጥ ይረዳል እንጂ መድኃኒቱን አይለይም። መንስኤውን የሚለየው የቆዳ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ይደረጋል። ምርመራውን ማግኘት ላልቻለ ሰው በጥንቃቄ የተሞላው ዝርዝር ያለው ትልቁ ጥበቃ ነው፤ ቀጣዩ ባለሙያ ከዝርዝሩ ውጪ ያሉትን መድኃኒቶች መርጦ ሊያስተኛው ይችላልና።

እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ጫት ያስከለክላል?

የእንቁላል አለርጂ ብቻውን ፕሮፖፎልን፣ የዓሣ አለርጂም አዮዲንን አያስከለክልም። ጫት የሚነሣው በሌላ ምክንያት ነው፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚያነሣ፣ የሚቅም ሰው መጨረሻ የቃመበትን ሰዓት ለማደንዘዣ ባለሙያው በግልጽ ሊነግር ይገባል። የሚጠየቀው ለወቀሳ አይደለም።

አለርጂው ለልጆቼ ይተላለፋል?

የመድኃኒት አለርጂ በቀጥታ ከወላጅ ወደ ልጅ ስለማይተላለፍ፣ ልጆች የእናታቸውን ወይም የአባታቸውን መድኃኒት አይከለከሉም። ነገር ግን በማደንዘዣ ጊዜ በቤተሰብ ውስጥ አደጋ ደርሶ ከነበረ መናገር አለበት፤ አለርጂ ያልሆኑና በዘር የሚተላለፉ ሁለት ችግሮች አሉና። አንደኛው በሱክሳሜቶኒየምና በሚተነፈሱ ማደንዘዣዎች የሚነሣ፣ ጡንቻን የሚያገትርና የሰውነት ሙቀትን እጅግ ከፍ የሚያደርግ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሱክሳሜቶኒየምን የሚያፈርሰው ኢንዛይም በመጉደሉ ታካሚው ለሰዓታት ራሱን ችሎ እንዳይተነፍስ የሚያደርግ ነው። «አጎቴ በቀዶ ሕክምና ላይ እንዳለ ትኩሳት ተነሥቶበት ሞተ» ወይም «እህቴ ከማደንዘዣ ቶሎ አልነቃ ብላ በማሽን አደረች» የሚል ታሪክ በቤት ውስጥ ካለ፣ ባለሙያው ሌሎች መድኃኒቶችን እንዲያዘጋጅ ከዋዜማው በፊት ይንገሩት።